«ተከለከለ» አትበሉኝ

ትምህርት ቤት ሰዋስው ያስተማሩን መምህራን «ተደራጊ ግስ» የሚሉት ነገር ነበራቸው። «ሰበረ» ሲባል ሰባሪው አብሮ ይመጣል፤ «ተሰበረ» ሲባል ግን ስብርባሪው ብቻ መሬት ላይ ይቀራል። ይህችን «ተ» ማንም ሳያስተምረን በፊት እናውቃታለን። «ብርጭቆውን ማን ሰበረው?» ስንባል «ተሰበረ» ብለን ከአርጩሜ የዳንን ስንት ነን! አድገን ቢሮ ስንሄድም ቀድማን ትጠብቀናለች። «ጉዳይዎ ታይቶ ውድቅ ተደርጓል»፣ «መመሪያ ተላልፏል»። ማን አየው? ማን ጣለው? ማን አስተላለፈው? ጠረጴዛው ጀርባ የተቀመጠውን ሰውዬ ብትጠይቁት እሱም ግራ ይገባዋል። ሁሉ ነገር ይደረጋል፤ አድራጊ ግን የለም።

ዛሬ በዚህች ፊደል ላይ ክስ የመሠረትኩት ስለ አንድ አሜሪካዊ የቤዝቦል ተጫዋች የሚጻፈውን ሳነብ ስላናደደኝ ነው። ሰውዬው ጆሽ ጊብሰን ይባላል። በጥር 1947 ነው የሞተው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ስለሱ የሚወጣው ጽሑፍ ሁሉ ዜማው አንድ ነው፦ ጥቁር በመሆኑ በትልቁ ሊግ እንዳይጫወት ተከለከለ፤ ለረጅም ዘመን ተረሳ፤ በመጨረሻም ክብሩ ተመለሰለት። ሦስት «ተ» እና ባዶ ወንበር! ይህ ታሪክ መንገር ሳይሆን ነገር ማድበስበስ ነው፤ ምክንያቴን ላስረዳ።

አስቀድሜ ስለ ሥራው ትንሽ ላውጋችሁ፤ ብዙዎቻችን ለቤዝቦል እንግዶች ነንና። ሜዳውን ከሚጠብቁት ዘጠኝ ሰዎች ስምንቱ ፊታቸውን የሚያዞሩት ወደ ባለዱላው፣ ወደ መቺው ነው። አንዱ ብቻ ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ ስምንቱን ያያል። ይህ ሰው ካቸር ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ ቀላቢ ብንለው ያስኬዳል። ወርዋሪው በሙሉ ጉልበቱ የሚለቃትን ኳስ የሚቀልባት እሱ ነው። ምን ዓይነት ኳስ ትወርወር፣ ከፍ ትበል ዝቅ ትበል ብሎ በጣቱ ምልክት የሚሰጠውም እሱ ነው። የተቃራኒ ቡድን ሯጭ አዘናግቶ ወደሚቀጥለው ማረፊያ ሊሾልክ ሲል፣ ተስፈንጥሮ ተነስቶ ኳሷን ሜዳውን አሻግሮ የሚልካትም እሱ ነው። በአንድ ጨዋታ ከመቶ ጊዜ በላይ ቁጢጥ ብድግ ይላል። ዱላው ጫፏን የነካት ኳስ አቅጣጫዋን ስታ ጣቱን ትሰብራለች፣ አንገቱን ትመታለች። ፊቱን በጭምብል፣ ደረቱንና ቅልጥሙን በመከላከያ ሸፍኖ ስለሚውል መልኩን እንኳ ተመልካቹ በወጉ አያየውም። ጉልበቱ ከሌሎቹ ቀድሞ ያረጃል። ከዚህ የተነሳ ከቀላቢ ብዙ ምት የሚጠብቅ የለም። እሱ ቀልቦ ያብላ እንጂ መምታቱ የሌሎቹ ሥራ ነው ይባላል።

ጊብሰን ሁለቱንም ሠራ። በ1911 ጆርጂያ በምትባለው የደቡብ ክፍለ ግዛት ተወለደ፤ አባቱ ፒትስበርግ የብረት ፋብሪካ ሥራ ሲያገኝ ቤተሰቡ ወደዚያው ተከተለ። በ1930፣ ገና በ18 ዓመቱ፣ ሆምስቴድ ግሬይስ ከሚባለው የጥቁሮች ቡድን ጋር ተሰለፈ። በዚያው ዓመት ባለቤቱ መንታ ስትወልድ ሞተችበት። ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ ሜዳ ላይ ነበር። በጋውን አገሩ ሲጫወት ከርሞ ክረምት ሲገባ ፖርቶ ሪኮ ይሻገራል። ዶሚኒካን ሪፐብሊክም ተጫውቷል። በ1940 እና በ1941 ደግሞ ሜክሲኮ፣ ቬራክሩዝ ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ድንበር ሲሻገር እንደማንኛውም ሰው ሜዳ ገብቶ ይጫወታል፣ አገሩ ሲመለስ ግን በር ይዘጋበታል። የሰውዬው ችሎታ ድንበር ላይ አይወርድም አይወጣም። የሚለያየው በረኛው ነው።

እንግዲህ ወደ ቁጥሩ እንምጣ። በ2024 በሜይ ወር መጨረሻ፣ ትልቁ የአሜሪካ ቤዝቦል ሊግ ከ1920 እስከ 1948 በነበሩት የጥቁሮች ሊጎች የተመዘገበውን ውጤት ከራሱ መዝገብ ጋር ቀላቀለው። ቢደምሩት ጊብሰን ቁንጮ ላይ ወጥቶ ተገኘ። ለመምታት ከቀረበባቸው 1000 ጊዜያት 372ቱን አሳክቷል ማለት ነው። ዛሬ ከ1000ው 300 የመታ ሰው እንደ ኮከብ ይታያል። ለአንድ ክፍለ ዘመን ገደማ የማይደፈር ይባል የነበረው የታይ ኮብ ውጤት 367 ነበር። የምትን ጉልበት በሚለካው ስሌትም ቤብ ሩት የሚባለውን የነጮቹን ጣዖት 718 ለ690 በለጠው። ይህን ሁሉ ያደረገው፣ አትርሱ፣ ቁጢጥ ብድግ ሲል እየዋለ ነው።

ይህ ከተነገረ በኋላ ሁለት ዓይነት ሰዎች ተነሱ። አንደኛው ጎራ «ጨዋታዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ከትልቁ ሊግ ጋር አይወዳደሩም» አለ። ሁለተኛው ጎራ «እሰይ! ፍትሕ ዘግይታም ቢሆን መጣች» ብሎ አጨበጨበ። ሁለቱ የተጣሉ ይመስላሉ። ለእኔ ግን ያው ናቸው፤ ሁለቱም አድራጊውን ቀብረው የሚመለሱ ለቀስተኞች ናቸው።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ጨዋታው ጥቂት ነው? አዎ፣ ጥቂት ነው። ትልቁ ሊግ በዓመት 154 ጨዋታ ሲያደርግ፣ የጥቁሮቹ ሊግ በሊግነት የሚመዘግበው ከ60 እስከ 80 ገደማ ነበር። ግን ማን አሳነሰው? እነዚህ ሰዎች በቀሩት ቀኖች እግራቸውን ዘርግተው አልተኙም። በየከተማውና በየመንደሩ በአውቶቡስ እየዞሩ፣ አንዳንዴ በአንድ ቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ፣ ከማንም ጋር ይጫወቱ ነበር። ካልተጫወቱ እንጀራ የለማ! ሆቴል ስለማያስገቧቸው ብዙ ጊዜ የሚተኙት እዚያው አውቶቡስ ውስጥ ነው። የጊብሰንን የሕይወት ዘመን ሆም ረን፣ ማለትም አጥር ያሻገረውን ኳስ፣ ወደ 800 የሚያደርሱት ይህን ሁሉ ቆጥረው ነው። የ2024ቱ መዝገብ የያዘለት ግን ከ200 በታች ነው፤ የሊግ ያልሆነውን አይቆጥርምና። እናማ ነገሩ እንዲህ ሆነ፦ በር ዘግተህ ውጭ ታሳድረዋለህ፣ ከዚያ «ቤት ውስጥ ያደርክበት ሌሊት ጥቂት ነው» ትለዋለህ። እህልህን ማሳ ላይ ያቃጠለ ሰው፣ ጎተራህ ጎደለ ብሎ ሲሳለቅብህ ምን ትለዋለህ?

ችሎታውን ለሚጠራጠርም መልስ አለ፤ መልሱም ሌላ ቀላቢ ነው። ሮይ ካምፓኔላ የሚባል ልጅ ከጊብሰን በአሥር ዓመት ያንሳል። ገና በጉርምስናው ለጥቁሮች ቡድን መቅለብ ጀመረ፤ ጊብሰን በሚጫወትበት በዚያው ሊግ ማለት ነው። በሩ ሲከፈትለት ካምፓኔላ ገና 26 ዓመቱ ነበር። በ1948 ብሩክሊን ዶጀርስ ገባ፤ በ1951፣ በ1953 እና በ1955፣ ሦስት ጊዜ፣ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ ተሸለመ። «ደካማ» የተባለው ሊግ ያሳደገው ልጅ! በጊብሰንና በካምፓኔላ መካከል ያለው ልዩነት የተወለዱበት ዓመት ነው። አሥር ዓመት ዘግይተህ ተወለድ፣ ሦስት ዋንጫ ውሰድ፤ አሥር ዓመት ቀድመህ ተወለድ፣ አውቶቡስ ውስጥ ተኛ። ይህን ዕድል ነው የሚሉ አሉ። ዕድል ቢሮ የለውም፣ ፊርማም የለውም። ይህኛው ግን ነበረው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። እስቲ አድራጊዎቹን በስማቸው እንጥራቸው።

በ1884 ቶሊዶ በምትባል ከተማ፣ በትልቅ ሊግ ደረጃ የሚጫወት ሞዝስ ፍሊትውድ ዎከር የሚባል ጥቁር ነበር። የሚገርመው እሱም ቀላቢ ነው። እንግዲያው በሩ መጀመሪያውኑ ክፍት ነበር፤ ዝግ ሆኖ አልተፈጠረም። ካፕ አንሰን የሚባል የቺካጎ ቡድን አለቃና የዘመኑ ትልቅ ኮከብ «ከጥቁር ጋር ሜዳ አልገባም» እያለ አስቸገረ። በጁላይ 1887 ኢንተርናሽናል ሊግ የሚባለው ማኅበር ባለቤቶች ተሰብስበው፣ ከጥቁር ተጫዋች ጋር የሚደረግ አዲስ ውል እንዳይጸድቅ ድምፅ ሰጡ። እጅ አውጥተው! ከዚያ በኋላ ትልልቆቹ ሊጎች የጻፉት ሕግ የለም። ነጮቹ «የጨዋ ሰዎች ስምምነት» ይሉታል። ጨዋታ የሚከለክል ጨዋ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ከ1920 መጨረሻ ጀምሮ በ1944 እስኪሞት የሊጉ ኮሚሽነር ኬነሶ ማውንቴን ላንዲስ ነበር። ሰውዬው የፌዴራል ዳኛ ነበር። በ1942 ሲጠየቅ ምን አለ? ጥቁር ተጫዋች መቅጠርን የሚከለክል ምንም ደንብ የለም፣ የተጻፈም ሆነ ያልተጻፈ፣ አለ። ይህን መልስ የት ነው የምናውቀው? «የሚከለክል ሕግ የለም፤ ግን አይቻልም።» ወገኖቼ፣ ይህች ዓረፍተ ነገር የዓለም አቀፍ ቢሮክራሲ ብሔራዊ መዝሙር ናት። ደንብ ከሌለ፣ 16 ቡድን፣ በየዓመቱ፣ ያለ አንድ ስህተት፣ እንዴት ሁሉም ነጭ ብቻ ቀጠረ? በአጋጣሚ?

ከሁሉ የሚብሰኝ ግን ክላርክ ግሪፊት ነው። የዋሽንግተን ሰናተርስ ባለቤት፤ ስታዲየሙም በስሙ ግሪፊት ስታዲየም ይባላል። በ1940ዎቹ የጊብሰን ቡድን ግሬይስ ብዙውን የሜዳውን ጨዋታ የሚያደርገው እዚያ ነበር። ግሪፊት ኪራይ ይቀበላል። ጥቁር ተመልካቾች ወንበሩን ሲሞሉ ገንዘቡ አይጠላም። በ1944 ሰናተርስ ከስምንት ቡድን ስምንተኛ ወጥተው ሲጨርሱ፣ ተከራዩ ግሬይስ የጥቁሮቹን ሊጎች ሻምፒዮንነት ለሁለተኛ ተከታታይ ዓመት ወሰደ። ቤት ባለቤቱ መጨረሻ፣ ጭሰኛው አንደኛ! ባክ ሌናርድ የሚባለው የጊብሰን ጓደኛ በኋላ ሲያወጋ፣ ግሪፊት ሁለቱን ቢሮው ጠርቶ «ትልቁ ሊግ መጫወት ትፈልጋላችሁ?» ብሎ ጠይቆን ነበር ብሏል። እንፈልጋለን አሉ። ከዚያስ? ከዚያ ምንም። ሰናተርስ የመጀመሪያውን ጥቁር ተጫዋች ያሰለፈው በ1954 ነው። ጊብሰን ከሞተ ሰባት ዓመት አልፎታል።

እዚህ ላይ «ተከለከለ» ማለት ይቻላል? ከልካዩ ቢሮ አለው፣ ደረሰኝ ይቆርጣል፣ ስሙ በር ላይ ተጽፏል!

ሌላም የማልወደው ነገር አለ። ጊብሰን «ልቡ ተሰብሮ ሞተ» የሚሉ ጸሐፊዎች አሉ። ይኸው ደግሞ ሌላ «ተ»! ጃኪ ሮቢንሰን የትልቁን ሊግ በር አልፎ የገባው በኤፕሪል 15 ቀን 1947 ነው። ጊብሰን በጃንዋሪ 20 ሞተ፤ 85 ቀን ቀረው። ዕድሜው 35 ነበር። ነገሩ አንጀት ይበላል፣ አልክድም። ግን የሞተው በጭንቅላት ደም መፍሰስ ነው። ከ1943 መጀመሪያ ጀምሮ ታማሚ ነበር፤ ጭንቅላቱ ውስጥ ዕጢ እንዳለ ነግረውት ቀዶ ሕክምናውን እምቢ እንዳለ ይነገራል። ልብ በሉ፣ በዚያው በ1943 ከ1000ው 466 መታ፤ ዛሬ በትልቁ ሊግ መዝገብ ውስጥ የአንድ ዓመት ትልቁ ውጤት እሱ ነው። እየታመመ ይቀልብ፣ እየታመመ ይመታ የነበረን ሰው «በኀዘን ሞተ» ስንለው በደሉን የፍቅር እንጉርጉሮ እናደርገዋለን። አልቅሰን፣ አፍንጫችንን ጠርገን፣ ወደ ቤታችን እንሄዳለን። ለእንባ ደግሞ ተጠያቂ አያስፈልገውም።

አሁን ወደ አጨብጫቢዎቹ። ክብሩ ተመለሰለት ትላላችሁ። ለማን? ሰውዬው ፒትስበርግ በሚገኝ መቃብር ውስጥ እስከ 1975 ድንጋይ እንኳ አልነበረውም። የዝነኞቹ ሙዚየም በ1971 የጥቁሮቹን ሊጎች ተጫዋቾች አከብራለሁ ብሎ ሲነሳ መጀመሪያ ያሰበው በተለየ ክፍል ሊያስቀምጣቸው ነበር። ሞተውም በተለየ ክፍል! ሕዝብ ሲጮህ ነው የተወው። ጊብሰን በ1972 ገባ። የአገሬ ሰው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው ይህን ነው።

መዝገቡ አይስተካከል እያልኩ አይደለም። መስተካከሉ ግድ ነበር፤ በየጋዜጣው ገጽ የተበተነውን የጨዋታ ውጤት ለዓመታት እየለቀሙ የሰበሰቡት ተመራማሪዎች ሊመሰገኑ ይገባል። የምለው ሌላ ነው። የሂሳብ ማስተካከያ የሂሳብ ማስተካከያ ነው። አንድ ሱቅ ከሰማንያ ዓመት በኋላ «ለአያትህ ያልሰጠነው መልስ ነበረ» ብሎ ደብተሩን ቢያርም ደብተሩ ተስተካከለ፤ አያት ግን ዳቦውን አልበላም። ፍትሕ የሚባለው ቢያንስ ቢያንስ የወሳጁን ስም ሲጨምር ነው። በዚህ ረገድ ከ2024ቱ ይልቅ በ2020 የሆነችው ትንሽ ነገር ደስ ትለኛለች። ያኔ የቤዝቦል ጸሐፊዎች ማኅበር ለዓመቱ ምርጥ ተጫዋች በሚሰጠው ሽልማት ላይ ተቀርጾ የኖረውን የላንዲስን ስም ድምፅ ሰጥቶ አነሳው። ካምፓኔላ ሦስት ጊዜ የወሰደው ሽልማት የማንን ስም እንደያዘ አስቡት! በምትኩ የጊብሰን ስም ይግባ የሚሉ ሰዎች አሉ። ይግባ። ግን የላንዲስ ስም ከዋንጫው ሲወርድ ከታሪኩ እንዳይወርድ እፈራለሁ። ከዋንጫው አውርዳችሁ ክሱ ላይ ጻፉት።

«አቦ ተወና! የአሜሪካኖች ጣጣ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። እሺ፣ ወደ ሰፈራችን ልምጣ።

ያ ግሪፊት ስታዲየም የት እንደነበረ ታውቃላችሁ? ዋሽንግተን፣ ጆርጂያ አቬኑ ላይ፣ ዛሬ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የቆመበት ቦታ። ስታዲየሙን በ1965 አፈረሱት፣ ሆስፒታሉ በ1975 ተከፈተ። (ይህቺኛዋ «ተ» ንጹሕ ናት፣ አልከሳትም።) ከዚያ ወደ ዩ ስትሪትና ወደ 9ኛው መንገድ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። ክትፎው፣ ቡናው፣ የእኛ ሙዚቃ ያለበት ሰፈር! ጊብሰን ከጨዋታ በኋላ ያለ ስጋት ሊመገብና ሊዝናና ከሚችልባቸው ጥቂት ሰፈሮች አንዱ ያ ነበር። ዛሬ ታክሲ የሚነዳው፣ መኪና የሚያቆመው፣ ሆስፒታል የምታዋልደው፣ ምግብ ቤት የከፈተው ወገናችን በየቀኑ የሚረግጠው ያን መሬት ነው።

በዚያው ሰፈር፣ ቡና ይዘን ስንጫወት፣ ስለ ጥቁር አሜሪካውያን «እኛ እንደነሱ አይደለንም»፣ «አገራቸው ነው፣ ምን ጎደላቸው?»፣ «ሰነፍ ናቸው» ሲባል ያልሰማ እጁን ያውጣ። እኔ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ከተማሩ ሰዎች አፍ ጭምር። ምን ጎደላቸው? ይኸውላችሁ፣ አንድ ምሳሌ ዘርዝሬ ነገርኳችሁ። ከሁሉ የበለጠ ሠርቶ ከበሩ ውጭ ያደረ ሰው ሰነፍ ይባላል?

በ1924ቱ የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ ለኢትዮጵያ የተፈቀደው ኮታ በዓመት 100 ሰው ነበር። መቶ! ያን የዘር ኮታ ያስቀረው ሕግ የወጣው በ1965 ነው፤ ስታዲየሙ በፈረሰበት ዓመት ማለት ነው። ያ ሕግ ከሰማይ አልወረደም። ጥቁር አሜሪካውያን በአውቶቡስ፣ በምግብ ቤት፣ በትምህርት ቤት፣ በቤዝቦል ሜዳ በር ሲደበድቡ ከርመው፣ በ1964 የሲቪል መብቶችን ሕግ አስወጥተው፣ በከፈቱት ቀዳዳ ነው የገባነው። እነሱ በከፈቱት በር ገብተን፣ ወንበር ስበን ተቀምጠን፣ «እንደነሱ አይደለንም» እንላለን። ይህን ጊዜ እኛም ሳናውቀው የላንዲስን ዓረፍተ ነገር በአማርኛ እየደገምን ነው፦ የከለከላቸው የለም፣ ራሳቸው ናቸው።

አባቶቻችን «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ሲሉ ቋንቋውን አስተካክለው ነው የተናገሩት። ሁለቱም አሉበት፤ የተወጋውም፣ የወጋውም። ወጊውን ደግሞ ያስቀደሙት ወደው አይመስለኝም፤ እሱ ከሌለ የቆሰለው ሰው በገዛ ጦሩ የተሰናከለ ይመስላልና።

ስለዚህ ልጆቻችሁን ይዛችሁ በሃዋርድ ሆስፒታል በኩል ስታልፉ፣ «እዚህ አንድ ትልቅ ተጫዋች ነበር፣ ተከለከለ» ብላችሁ አትለፉ። ልጅ ብልህ ነው፤ «ማን ከለከለው?» ይላችኋል። ያኔ «ዘመኑ ነው» ብላችሁ አታምልጡ። አንሰን ጀመረው፣ የቡድን ባለቤቶች እጅ አውጥተው አጸደቁት፣ ላንዲስ ሸፈነው፣ ግሪፊት ኪራይ ሰበሰበበት በሉት።